ቁልፉን ሳይጫን የተናገረው

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ከአስተዋዋቂዋ አፍ የወጣችው አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ያቺን አንዲት ቃል መልሳ ለመዋጥ ግን ያላትን ሁሉ በሰጠች ነበር።

«አልቀርም» ነው ያለችው።

ቃሉ ክፉ ቃል አይደለም። ክፉው ነገር ማንም ምንም አለመጠየቁ ነው። ቢያንስ በጆሮ የሚሰማ ጥያቄ አልቀረበላትም።

ነገሩ የሆነው በቴሌቪዥን ጣቢያው ምድር ቤት፣ ድምፅ በሚቀረጽበት ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሉ በወፍራም መስታወት ለሁለት ተከፍሏል። በወዲህ በኩል እሷ ትቀመጣለች። ግድግዳው በጥቁር ስፖንጅ ተለብጧል፤ ጠረጴዛው ወረቀት ሲገለጥ እንዳይንኮሻኮሽ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ከላይዋ አንዲት መብራት፣ ከፊቷ ማይክራፎን አለ። ከማይክራፎኑ ስር አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። አንባቢ ሳል ሲመጣበት እሷን ተጭኖ ይስላል፤ ጣቱን እስኪያነሳ ድረስ ድምፁ ወዲያ አያልፍም። የሳል ቁልፍ ይሏታል።

በወዲያ በኩል የሚቀመጠው ድምፅ ቀራጩ ነው። ባልደረቦቹ «ጸጥታ» ብለው ይጠሩታል። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በፊት «ጸጥታ» ይላል፤ ካለ በኋላም ከሁሉ ቀድሞ ትእዛዙን የሚፈጽመው ራሱ ነው። ዝም አይነቅዝም ብሎ ደሞዙን በዝምታ የሚበላ ሰው እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ሲቀለድበት ፈገግ ብሎ ያልፋል።

የመስታወቱ ሕግ ቀላል ነው። እሱ የእሷን ሁሉ ይሰማል፤ ትንፋሿን፣ የወረቀቷን ኮሽታ፣ ምሳ ሳትበላ ከገባች የሆዷን ጩኸት ሳይቀር። እሷ ግን የእሱን የምትሰማው ከፊቱ ያለውን ቀይ ቁልፍ ሲጫን ብቻ ነው። ሲጫን በጆሮ ማዳመጫዋ ውስጥ «ቀጭ» ይላል፤ ከዚያ ድምፁ ይመጣል። «ከሁለተኛው መስመር ይድገሙልኝ።» «ትንሽ ውሃ ይጠጡ።» ሁልጊዜ በአክብሮት፣ ሁልጊዜ «እርስዎ» እያለ ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የግድግዳ ቀለም ማስታወቂያ አንብባ ጨርሳ፣ ወረቀቷን ሰብስባ ተቀምጣ ነበር። እሱ የድምፅዋን ሞገድ በስክሪኑ ላይ ሲያስተካክል ቆየና ቀና አለ። አንድ እጁ የሻይ ብርጭቆ ይዟል፤ ሌላው አገጩን ደግፏል። ቀዩን ቁልፍ የነካው ጣት የለም። እንደ ልማዱ፣ ማንም እንደማይሰማው ሰው፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ሄደሽ ብትቀሪስ?»

እሷም ሃሳብ ወዲያ ወስዷት ስለነበር፣ በዚያ ጥርት ባለ የምሽት ድምፅዋ «አልቀርም» አለችው።

ብርጭቆው መንገድ ላይ ቀረ። መጀመሪያ ጣቶቹን አየ። ቀጥሎ ቀዩን ቁልፍ አየ። በመጨረሻ እሷን አየ፤ ዓይኖቿ የት እንዳረፉም አየ። ከንፈሩ ላይ ነበሩ። ሰውየው ሞኝ አይደለምና የዚያን ሁሉ ጊዜ ነገር በአንድ አፍታ ገባው።

ምላሷን ነከሰች፤ የነከሰችው ግን ከረፈደ ነው። እሱ ብርጭቆውን አስቀምጦ እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋና መብራቱን አጠፋ። ወዲያኛው ክፍል ሲጨልም መስታወቱ የእሷን ምስል ብቻ መለሰላት፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የደፋች፣ አፏን ትንሽ የከፈተች ሴት።

*

እንግዲህ ይህች ሴት የሰው ከንፈር ማንበብ ከየት ተማረች የሚል ካለ፣ ከእንጀራዋ ነው የተማረችው።

ስራ ስትጀምር ፊቷን የሚያውቅ አልነበረም። በባንክ ቤት «ባለ ተራ ወደ መስኮት ሦስት» የምትለው እሷ ናት። በጣቢያው አሳንሰር ውስጥ «በሩ እየተዘጋ ነው» የምትለውም እሷ ናት። የሳሙና ማስታወቂያ ላይ የምትስቀው፣ የመድኃኒት ማስታወቂያ ላይ የምታዝነው እሷ ናት። ከዚያ ከውጭ ለሚመጡ ተከታታይ ድራማዎች ድምፅ እንድታለብስ ተሰጣት። መጀመሪያ የሚያለቅስ ሕፃን፣ ቀጥሎ የምትጮህ ጎረቤት፣ ቀጥሎ የባለታሪኩ እህት፣ በመጨረሻም ባለታሪኳን ራሷን ሆነች። የኋላ ኋላ ደግሞ የምሽቱን ፕሮግራም እንድታስተዋውቅ ካሜራ ፊት አስቀመጧት፤ አሁን መንገድ ላይ ልጆች ሲያይዋት «ደህና አመሻችሁ መጣች» ይባባላሉ።

ድምፅ ማልበስ ማለት በባዕድ አፍ ልክ የራስን ቃል መስፋት ነው። ተዋናይዋ ከንፈሯን ስትገጥም አንቺም ከንፈር የሚያስገጥም ቃል ታመጪያለሽ፤ አፏን ስትከፍት አንቺም ትከፍቺያለሽ። ይህን ዓመታት የሠራ ሰው አፍ ሲያይ ቃል ያያል፤ ላለማየት ቢሞክርም አይሆንለትም። በዚያ ላይ አባቷ፣ ጡረታ የወጡት ዳኛ፣ ጆሯቸው እየደከመ ሲሄድ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፍተው አብረው ሲመለከቱ አፍ ማንበብን እንደ ጨዋታ ያዙት። አባትም ልጅም ጎበዞች ሆኑ። ካፌ ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ ርቀው የሚጣሉ ባልና ሚስት ሲያጋጥሟት ወንበሯን አዙራ ትቀመጣለች፤ የሰው ጓዳ ላለማየት ነው።

ከአንዱ ሰው ላይ ግን ወንበሯን አላዞረችም።

መጀመሪያ ያነበበችው ስለ ተሰበረ የውሃ ቧንቧ የሚነገር ማሳሰቢያ እየቀዳች ሳለ ነበር። በየትኛው ሰፈር ውሃ እንደሚቋረጥ በጥሩ ድምፅ ትዘረዝራለች፤ እሱ ወዲያ በኩል ዳቦውን እያኘከ፣ ቁልፉን ሳይነካ፣ ለራሱ እንዲህ ሲል አየችው፦ «የቧንቧ ወሬ እንኳን ካንቺ አፍ ሲወጣ ያጠግባል።»

ሳቋ ሊያመልጣት ሆነና ቆመች። ቀጭ አለ። «ምን ሆኑ? ደህና ነዎት?» አላት በዚያ በአክብሮት ድምፁ። «ምራቅ ትን አለኝ» አለችው። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ቧንቧውን እያሰበች ብቻዋን ሳቀች፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ እንቅልፍ የሚባል ነገር ጠፋ።

ከዚያ በኋላ ልማዷ ሆነ። «ዛሬ ደክሞሻል።» «ጉንፋን ሊይዝሽ ነው፤ ትናንት ድምፅሽ ነግሮኛል።» «ያ ሰማያዊ ሹራብ ይስማማሻል፣ ነገም ልበሺው።» በነጋታውም ሰማያዊውን ሹራብ ትለብሳለች፤ እሱ መስታወቱ ጋ ቀርቦ ልጅ የሆነ ያህል ፊቱ ሲበራ ታያለች። በመጀመሪያው ቀን «አይሃለሁ» ማለት ነበረባት። በሁለተኛውም ይቻል ነበር። ግን የነገረችው ቀን ያ ከንፈር እንደሚዘጋ ታውቃለች። ስለዚህ ዛሬን ለነገ፣ ነገን ለከነገ ወዲያ ስታስተላልፍ ኖረች።

እሱስ ለምን ቁልፉን አይጫንም? ምክንያት አለው። የአባቷ ሾፌር የነበረው የሟቹ ሰው ልጅ ነው። አባቱ ዳኛውን ጠዋት ፍርድ ቤት እያደረሰ ማታ እየመለሰ ያረጀ ሰው ነበር። ልጁም በግቢያቸው በር ላይ የመኪናውን መስታወት እያጠበ ሲያድግ፣ «እርስዎ» የምትለዋ ቃል የወተት ጥርሱ ሳይነቀል ነው አፉ ውስጥ የተቀመጠችው። አንድ ጊዜ እሷንና እሱን ዝናብ ይዟቸው በአንድ ጃንጥላ ሥር ሲሄዱ ዳኛው በታክሲ መስኮት አይተዋቸው ነበር። ቤት ስትገባ ብዙ አልተናገሩም። «ሰው ከአቻው ጋር ነው የሚያምርበት» ብለው ጋዜጣቸውን ገለጡ።

አሁን ደግሞ ከባሕር ማዶ አንድ ትልቅ ጣቢያ ለድምፅዋ ጥሪ ልኳል፤ ወሬውም በጣቢያው ሁሉ ተዳርሷል። መልሷን እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ይፈልጋሉ፤ እሺ ካለች በሚቀጥለው ሳምንት ትነሳለች። ስራውን ትወደዋለች፤ ከባንኩ መስኮት ጀምራ ስትወጣው የኖረችው ደረጃ ወደዚያ ነበርና መሄዱን ልቧ ወስኗል። ያልወሰነችው መመለሱን ነው። ያ ሰው ቁልፉን ተጭኖ በድምፁ አንዲት ነገር ቢላት፣ የምትመለስበት ቤት ያላት ሴት ሆና ትሄዳለች። ካልሆነም እንደ ሄደች ትቀራለች። ሲያልፍ ሲያገድም ያየችውን ንግግር ይዛ መኖር አትችልም፤ ሲነገራት መስማት ትፈልጋለች።

*

ከዚያች «አልቀርም» በኋላ ወዲያኛው ክፍል መብራት በርቶ አያውቅም። ከጨለማው ውስጥ ቀጭ ይላል፤ «ይጀምሩ» ይላል፤ «አመሰግናለሁ» ይላል። ሌላ የለም። የራሷን ፊት እያየች ስለ ጥርስ ሳሙና ታነባለች፤ ስለ ዝናብ ታነባለች። ስንብት ያለበት ምዕራፍ ሲደርስ የድራማዋ ባለታሪክ ታለቅሳለች፤ እሷ ግን ሌላ ሴት ሆና ማልቀስ አቅቷት ቀረጻው ይደጋገማል። ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጀምራ ሁለቴም ቀደደችው። በድምፅ የተበላሸ ነገር በወረቀት አይቃናም አለች።

በመጨረሻ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ያዘችው። የተጠቀለለ ሽቦ በትከሻው አንግቷል።

«ላናግርህ» አለችው።

«ይናገሩ።»

«እዚህ አይሆንም። ሌላ ቦታ እንቀመጥ።»

«ሌላ ቦታ ከተቀመጥን አፌን በእጄ መሸፈን ይኖርብኛል» አለ። ለቀልድ የተነገረ ነገር አልነበረም።

«አልቀለድኩብህም። በነፍሴ አልቀለድኩብህም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ልትዋሸው ትችል ነበር። ባለፈው ሳምንት ነው ብትለው ምናልባት ይቀለው ነበር። «ከቧንቧው ጀምሮ» አለችው።

ፊቱ ሲለወጥ አየች። በውስጡ ያን ጊዜ ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነበር፤ የተናገራትን ሁሉ፣ ለማንም ያልነገረውን ሁሉ። «እና ሰማያዊውን ሹራብ ስትለብሺ…» አለና አረመው፤ «ሲለብሱ፣ ሰምተው ነው?»

«አይቼ ነው።»

«ይሁን። ቤት ሲገቡ ደግሞ ጥሩ ጨዋታ ይሆናል። የሾፌሩ ልጅ ዛሬ ምን አለ ተብሎ።»

«ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ለአባቴም፣ ለጓደኛም።»

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ» አለ፤ «የእኔ ደግሞ አፌ ነው ለካ ባዳ።» ሽቦውን በትከሻው አስተካከለ። «የውጭ ስርጭት መኪናው ላይ እንዲያዛውሩኝ ጠይቄአለሁ። ከሰኞ ጀምሮ እዚህ የሚቀመጥ ሌላ ሰው አለ። ጎበዝ ነው፤ ሲሠራ አይናገርም።»

እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና ሄደ። እሷ አሳንሰር ውስጥ ገባች። ከጣሪያው ላይ የራሷ ድምፅ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት የተቀዳ፣ ወጣት፣ ምንም የማያውቅ ድምፅ፣ «በሩ እየተዘጋ ነው» አላት። ያን ጊዜ ነው ዕንባዋ የመጣው።

*

መልስ የምትሰጥበት የመጨረሻው ቀን ጠዋት አባቷ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብለው ጠበቋት። ፀሐዩ ግማሽ ፊታቸው ላይ አርፏል። ሲያናግሯቸው ፊት ለፊት መቀመጥ ግድ ነው፤ ካላዩ አይሰሙም።

«ትናንት ማታ አየሁሽ» አሉ። «የፕሮግራሙን ዝርዝር እንደ ፍርድ ንባብ ነው ያነበብሽው። ቀጥሎ የልጆች ጊዜ ስትይ የሞት ቅጣት የፈረድሽ ነው የመሰለኝ።»

«ደክሞኝ ነው አባዬ።»

«ድካም አውቃለሁ። ከችሎት ድካም ይዤ ነው ያረጀሁት። ያንቺ ድካም አይደለም።» ዓይናቸውን አፏ ላይ ተክለው ጠበቁ።

የሆዷን በሆዷ ይዛ መሄድ ትችል ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ጣጣ የመጣው ሆድ ውስጥ በተያዘ ነገር እንደሆነ አሰበች። ስለዚህ ነገረቻቸው። ስለ ቧንቧው፣ ስለ ሹራቡ፣ ስለ ጠፋው መብራት፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የማን ልጅ እንደሆነ ስትነግራቸው ዓይናቸውን ከአፏ ላይ አነሱ። እሳቸው ዘንድ ዓይን ማንሳት ጆሮ መድፈን ነው።

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ መናገር ጀመሩ።

«አባቱ ሲነዳ ይናገር ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራኝ ኖረ። እኔ ኋላ ተቀምጬ መዝገብ አገላብጣለሁ። አዎ እላለሁ፣ እንዴታ እላለሁ፤ ምን እንዳለ ግን አላውቅም። ጆሮዬ ያኔ ደህና ነበር እኮ። ዛሬ የምሰማው የማየውን ሰው ብቻ ነው። የዚያን ሰው ፊት ላስታውስ ስል የሚመጣልኝ ማጅራቱ ነው።»

እጃቸውን ያዘች። ሻካራ እጅ ነው፤ ለመሳምም ለመቆጣትም አንድ ዓይነት የሚዘረጋ።

«አባዬ፣ ታዲያ ምን ይሉኛል?»

ፊታቸውን ወደ አፏ መለሱ። «ገና አልፈረድኩም» አሉ። «ይግባኙን ግን ተቀብያለሁ። ደግሞ አንቺም ከጥፋት ነጻ አይደለሽም። የሰው ንግግር ሰርቀሻል። የሰረቀ ሰው መጀመሪያ የወሰደውን ይመልሳል።»

«ንግግር እንዴት ይመለሳል?»

«እሱን አንቺ ታውቂበታለሽ፤ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ» አሉና መነጽራቸውን ፈለጉ። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነበር። አላነሳችላቸውም፤ ዕንባ ያቀረረ ዓይናቸውን ማየቷን እንዳያውቁ ፈራች።

*

የቀረው የድራማው የመጨረሻ ክፍል ነበር። አለቃቸው ሌላ ሰው ሊመድብ ሞክሮ ነበር፤ ግን የባለታሪኳን ድምፅ ከመጀመሪያው የቀረጸው ራሱ ይጨርሰው ተባለ። እሷ ስትገባ ወዲያኛው ክፍል ጨለማ ነው። ሰማያዊውን ሹራብ ለብሳለች።

ቀጭ። «ጸጥታ» አለ ድምፁ። «ሲዘጋጁ ይጀምሩ።»

ከፊቷ ባለችው ትንሽ ስክሪን ላይ ባለታሪኳ ባቡር ጣቢያ ቆማለች። ባቡሩ ጭሱን ይተፋል፣ ነፋሱ ፀጉሯን ያነሳዋል፤ ከንፈሯ ሲከፈት እሷም ከፈተች። ምን እንዳነበበች በኋላ ቢጠይቋት አታስታውስም። የራሷ ድምፅ ከሩቅ፣ ከሌላ ሴት ደረት የሚመጣ ይመስላት ነበር። አንድም ጊዜ ድገሚ አልተባለችም። ስክሪኑ ላይ ባቡሩ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ነጭ ሆነ።

ቀጭ። «ጨርሰናል» አለ ጨለማው። «መልካም ጉዞ ይሁንልዎ።»

ቀጭ ብሎ ተዘጋ። ማዳመጫዋን አላወለቀችም። ከማይክራፎኑ ስር ያለችውን ትንሽዋን ቁልፍ በጣቷ ፈልጋ ተጫነቻት። ፊቷን ወደ ጥቁሩ መስታወት፣ እሱ ይቀመጥበታል ብላ ወደገመተችው ቦታ አቅንታ መናገር ጀመረች።

«ይቅር በለኝ» አለች። «የአንተ ያልሆነ ነገር አልወሰድኩም፤ የወሰድኩት ሁሉ የአንተ ነው፣ ለዚያ ነው ይቅርታ የምልህ። አንድም ቀን አልሳቅኩብህም። የቧንቧው ቀን ስቄአለሁ፤ እሱ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ብነግርህ ዝም ትላለህ ብዬ ፈራሁ። አንተ ዝም ካልክ ደግሞ እዚህ ቤት ውስጥ ለእኔ የሚናገር ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያናግረው ድምፄን ነው። እወድሃለሁ። ከሹራቡም በፊት።»

ቀጭ። «ድምፅዎ አልደረሰኝም» አለ በጭንቀት። ሥራ ነውና የተበላሸ ነገር ያለ መሰለው። «ይድገሙልኝ።»

ጣቷን ሳታነሳ ደገመችው። ከመጀመሪያው ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር።

«የሳል ቁልፉን ተጭነዋል።»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እያወቁ ነው?»

አሁንም ነቀነቀች።

«እኔ ከንፈር ማንበብ አልችልም» አለ፤ ድምፁ ወረደ። «ምን እያሉ እንደሆነ አላውቅም።»

ታውቃለች። ሦስተኛ ጊዜ ጀመረችው። በመብራቱ ሥር ብቻዋን፣ ለማይሰማት ሰው፣ በሙሉ ልቧ ትናገራለች። እሱ ያን ሁሉ ጊዜ የኖረበት ወንበር ምን ዓይነት ወንበር እንደሆነ አሁን ነው የገባት። እንዲህ ተቀምጦ መናገር ያደክማል፤ ያሳፍራል፤ ደግሞም ያሳርፋል። ግማሽ ላይ ስትደርስ ዕንባዋ ወረደ። አልጠረገችውም። የሚያላግጥ ሰው ፊት ምን እንደሚመስል እሱም ያውቃል፤ ይህ እንደዚያ ዓይነት ፊት አልነበረም።

ወዲያኛው ክፍል መብራት በራ።

ቆሟል። ለቀናት ያልተላጨ፣ ዓይኑ የቀላ፣ አንድ እጁን መስታወቱ ላይ ያሳረፈ ሰው ነው። እያያት አፉን ከፈተ። ልማድ ነዋ፤ እጁ ወደ ቁልፉ አልሄደም። የመጀመሪያዋን ፊደል ከንፈሩ ላይ ስትመጣ አየቻት።

ዓይኗን ጨፈነች።

እንደዚያ ቀን አጥብቃ ጨፍና አታውቅም። ማንበብ አልፈለገችም። ከእንግዲህ ከዚያ ከንፈር የሚወጣ ነገር ካለ በበሩ ይግባ፣ በመስኮት አይግባ ብላ ወስናለች። ጆሮዋ ውስጥ ምንም የለም። ማዳመጫው ባዶውን ሽሽ ይላል። በጨፈነችው ዓይኗ ጨለማ ውስጥ ባቡሩን አየችው፤ ባሕሩን አየችው፤ ማዶ ላይ ድምፅዋን የሚጠብቅ፣ ስሟን የማያውቅ ሕዝብ አየች። ሁሉም በጣም ሩቅ ነበር። ሰውየው አጠገቧ ነው፤ ግን እስካሁን ጸጥ ብሏል። ምናልባት መብራቱን መልሶ አጥፍቶት ይሆናል። ምናልባት ወጥቶ ሄዶ ይሆናል። ዓይኗን ብትከፍት ታውቀው ነበር። አልከፈተችም።

ቀጭ።

መጀመሪያ የሰማችው ትንፋሹን ነው። የእሷን ትንፋሽ ለዓመታት ሲሰማ የኖረ ሰው፣ የራሱን ሲያሰማት የመጀመሪያው ነበር።

«አንቺ» አለ።

በነጻ እጇ ማዳመጫውን ወደ ጆሮዋ አጥብቃ ያዘች።

«ተጭኜዋለሁ» አለ። «ይሰማል?»

ጣቷን ከሳል ቁልፉ ላይ አነሳች። «ይሰማል።»

«ምን እንዳልሽኝ አላወቅኩም። አንድ ቀን ትነግሪኛለሽ። ፊትሽን ግን አይቻለሁ፤ ከእሱ በላይ አልጠይቅሽም። እኔ እዚህ ሆኜ ያልኩትን ሁሉ ልድገመው ብል አይዘለቅም፣ ብዙ ነው። እወድሻለሁ፤ ማጠቃለያው እሱ ነው። አትሂጂ አልልሽም። ይህ ድምፅ ለአንድ ክፍል ተሠርቶ አይደለም፤ እኔ ነኝ የማውቀው፣ በየቀኑ የምለካው እኔ ነኝ። ሂጂ። ብቻ…»

አቋረጠ። ቁልፉን ግን አለቀቀውም፤ ማዳመጫው ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ከነትንፋሹ አብሯት ነበር። በአባቷ ግቢ በር ላይ መስታወት ያጥብ የነበረ ልጅ አሁን ያችን «እርስዎ» የምትል ቃል ከጥርሱ መሃል እየነቀላት እንደሆነ ገባት፤ አላጣደፈችውም።

«ሄደሽ ብትቀሪስ?» አላት።

ዓይኗን ከፈተች። ከመስታወቱ ወዲያ ቆሞ ነበር፤ ጣቱ ቀዩ ቁልፍ ላይ ነው፣ ጫፉ ከመጫኑ ብዛት ነጭ ሆኗል። ከንፈሩን አላየችም፤ ዓይኑን ነው ያየችው።

«አልቀርም» አለችው። ይህን ጊዜ ጥያቄውን የሰማችው በጆሮዋ ነበር።